ስኳር ያልገባበት ሻይ

ማስተዋል በአንድ ማለዳ ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ ወጣች። ጎንደር ፒያሳ፣ ባንኩ ደጃፍ ሚዛን አስቀምጠው የሚውሉት አያ ክንዱ "ሰማንያ አንድ" አሏት። አላመነችም። ከፍ ብሎ ወዳለው ፋርማሲ ገብታ በመስታወቱ ሚዛን ላይ ቆመች፤ ቀዩ ቁጥር ትንሽ ተርገበገበና ሰማንያ አንድ ነጥብ አራት ላይ ተቀመጠ። ይሄኛው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት ብላ ተመልሳ አያ ክንዱ ዘንድ መጣች። ሰው ዳኛው ካልጣመው ይግባኝ ይላል፤ የእሷ ይግባኝ ግን እዚያው ፒያሳ ውስጥ የሚሽከረከር ሆነ።

"ጫማሽን አወለቅሽ፤ ነጠላሽን አወረድሽ፤ ቦርሳሽንም እኔን አስያዝሽኝ" አሉ አያ ክንዱ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን እያዩ። "እንግዲህ የቀረሽ ቆዳሽ ነው። እሱን ደግሞ አውልቀሽ ብትሰጪኝም አልይዝልሽም።"

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እሷም በጥርሷ ሳቀች።

ነገሩ የቁንጅና ቢሆን ኖሮ ከልቧ ትስቅ ነበር። አርባ አንድ ዓመት የሞላት፣ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ የስንት ተማሪ ውጤት በእጇ የሚያልፍ ሴት ናት፤ ቅጠኚ ብሎ የሚጨቀጭቃት ባልም የላትም። ግን ታናሽ ወንድሟ ሰውአገኝ አለ። ደባርቅ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ደም ግፊቱ ሳይታወቅ ከርሞ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨረሰበትና ይኸው ዓመት ከመንፈቅ፣ እሷው ቤት ተቀምጦ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን በማሽን እያሳጠበ ይኖራል። ቢመረመሩ የእሷ ኩላሊት ለእሱ ተስማማ። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም፣ ዶክተር ልዕልት፣ "ሁሉም ሸጋ ነው፤ ክብደትሽ ብቻ ሰባ ስድስት ይግባልኝ። እንዲህ እንዳለሽ ብንከፍትሽ ላንቺ ያሰጋል" ብለው ሦስት ወር ሰጧት። ቀጠሮው ጥር ስድስት ነው። ዛሬ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት። ሁለት ሳምንት ቀረ፣ አምስት ኪሎም ቀረ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ጥቅምትን ከሰማንያ ስድስት ተነሥታ በእንጀራው ላይ ግማሽ፣ በወጡ ላይ ሩብ፣ በባጃጁ ላይ ደግሞ ፍጹም እርም አለች። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ በእግሯ። ኪሎዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አያ ክንዱ እንኳ "አሁንስ ሚዛኔን አሳመምሽው፤ ቁልቁል ብቻ ሆነ ሥራው" ብለው ነበር።

ያስቸገራት ሻይ ነው። ማስተዋል አራት ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሰው ነበረች። የዩኒቨርሲቲው ላውንጅ ውስጥ አስተናጋጆቹ "የማስተዋል ሻይ" ብለው ሲጠሩት የስኳሩ ዕቃ አብሮ ይነሣል። እሱን በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጋ ተወችና ሻዩ ምንም ምንም የማይል የዝናብ ውኃ ሆነባት። ያን ጊዜ የቢሮው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ከፊቷ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ወንጌላዊት ዋናዋ ነበረች። አንድ ሰሞን "ሎሚ ጨምሪበት፤ ስብ ያቀልጣል" አለች። ሎሚ እንዲያ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የሎሚ ነጋዴ ሁሉ እንደ ስንደዶ በቀጠነ! ደግሞ በሳምንቱ ዝንጅብል፣ በሌላው ሳምንት ቀረፋ በባዶ ሆድ፣ ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድ። በመጨረሻ የስኳር ሕመምተኞች ሻይ ውስጥ የሚጥሏትን ነጭ ፍሬ አመጣችላት፤ ያችማ ብረት ብረት አለቻት።

ጾመ ነቢያት ሲገባ ታየች የምትባለው እናቷ ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጣች። ልጄን ላስታምም ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጦስኝ ቋጥራ፣ በአንድ እጇ ደግሞ በጨርቅ የታሰረ ቅል አንጠልጥላ ገባች። "ስኳሩ ካልሆነልሽ ጦስኝ ይሁንሽ" አለችና ከዚያች ቀን ጀምሮ በራዱን ለማንም አላስነካችም። ገና ሳይነጋ ታፈላለች፤ ለሰውአገኝ የተፈቀደችለትን ግማሽ ብርጭቆ ትቀዳለች፤ የቀረውን በፔርሙዝ አድርጋ ማስተዋልን ወደ ሥራ ትሸኛለች።

ሚዛኑም ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆመ። ጾም ገብቶ የሀገሩ ሰው ሁሉ ቀበቶው ሲላላ እሷ ሰማንያ አንድ ላይ ተተከለች። አካሄዷን ጨመረች፤ አልሆነም። እራቷን ተወች፤ አልሆነም። እያደረ ዕረፍት የሚባል ነገር ከላይዋ ሄደ። ቢሮ ተቀምጣ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይርገፈገፋል። የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ ታጥባለች፤ ደረጃ ወርዳ ለምን እንደወረደች ረስታ ትመለሳለች። ቤት ስትገባ ደግሞ የወንድሟን ያበጠ እግር ላለማየት ዓይኗ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል።

የዚያን ዕለት ከሚዛኑ ወደ ቢሮ ገብታ ፔርሙዟን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠች ኃላፊው ጠሯት። ስትመለስ ወንጌላዊት ብርጭቆ ይዛ፣ ቅንድቧን ሰቅላ ጠበቀቻት።

"ላውንጁ መብራት የለም ቢሉኝ ካንቺ ቀዳሁ። ማስቱ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ብርዝ?"

"የምን ብርዝ?"

"ማር ነው እኮ! ነጭ ማር! ጦስኙ ሸፈነው እንጂ ማንኪያ ብታቆሚበት ይቆማል።"

ማስተዋል ብርጭቆውን ተቀበለችና ቀመሰች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አመጣች። "ኧረ! እማዬ ናት! እማዬ ጉድ ሠራችኝ!"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የዛሬው ይሆናላ። እኔ እንጃ።"

ወንጌላዊት ትኩር ብላ አየቻት። ደግ ሴት ናት፤ ግን ሞኝ አይደለችም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ" አለች በመጨረሻ፣ ብርጭቆውን ወደ ጎን እየገፋች። "በይ ሂጂና እናትሽን ጠይቂ። ሥራሽን እኔ እይዝልሻለሁ።"

ማስተዋል ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ እያስጎተተች ወጣች። መንገዱን ሙሉ ተቆጣች። እናቷን ምን እንደምትላት ቃል በቃል አዘጋጀች፤ አንዱን ቃል ጣለችና የባሰውን አነሣች። ቁጣዋ የውሸት አልነበረም፤ ጆሮዋ ድረስ አቃጥሏታል። ብቻ እርምጃዋ በፈጠነ ቁጥር "የዛሬው ይሆናላ" ያለችው ነገር ከኋላዋ እየሮጠ ይደርስባታል። ዓይኗ እያየ ዋሽታለች፤ ለዚያውም ሳትጠየቅ በፊት አዘጋጅታ ያስቀመጠችው ይመስል ሳትደናቀፍ።

ቤት ስትገባ ታየች ሳሎኑ ውስጥ ቁርበቷ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የሰውአገኝ መኝታ መጋረጃው ወርዷል። ትናንት ታጥቦ ነበርና ከእጥበት ማግስት እንቅልፍ ይጥለዋል።

"እማዬ፣ ሻዩ ውስጥ ምንድን ነው የምትጨምሪው?"

"ጦስኝ።"

"ሌላስ?"

"ውኃ።"

"እማዬ!"

"ምነው ትጮሂብኛለሽ? ልጁ ተኝቷል። ስኳር እንደሁ፣ ቅዱስ ሚካኤልን! አንዲት ቅንጣት አልነካሁም።"

"ማርስ?"

ታየች አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለይታ ወደ በሩ ወረወረች። "ማር ስኳር ነው እንዴ? ማር መድኃኒት ነው። ንቧ ጦስኙን ቀስማ ያመጣችው። ጦስኙም እሱ፣ ማሩም እሱ።"

"ሰባ ስድስት ካልገባሁ እንደማይቀበሉኝ እያወቅሽ? ካልተቀበሉኝ ሰውአገኝ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ነው?"

"እያወቅሁ ነው። አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

ታየች ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ቀና አለች። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። "አፍሽ ውስጥ ምላስ የለሽም? ከቀፎ ሥር ስትልሺ ያደግሽ ልጅ ማርና ውኃ መለየት አቃተሽ? የመጀመሪያዋ ቀን አንዲት ማንኪያ ጠብ አደረግሁና በሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ። ትተፋዋለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ። ጠጣሽው። 'ሸጋ ነው እማዬ' አልሽኝ። በማግስቱ ሁለት አደረግሁት። ሸጋ ነው አልሽኝ። ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ ሸጋ ነው አልሽኝ። እንዲያው እኔን ብቻ ትጠይቂኛለሽ?"

ማስተዋል ወንበር ሳትፈልግ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

እውነቷን ነው። የመጀመሪያዋን ጉንጭ እንደ ጠጣች አውቃለች። አውቃም ሁለተኛውን ጠጥታለች። ምክንያቱ ጣዕሙ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ፍርሃቱ የመጣው አዲስ አበባ ወረቀቱን ፈርማ በተመለሰች ሳምንት ነበር፤ ሰው ሁሉ ጉንጯን ስሞ፣ ቄሱ መስቀል አሳልመው፣ የቢሮው ሰው "ጀግና እኅት" ብሎ ካጨበጨበላት በኋላ። ወገቧ ላይ ቢላዋ የሚያልፍበትን ቦታ በእጇ ስትዳስስ ራሷን ታገኛለች። ተኝታ ሳትነቃ ብትቀርስ? ያን ሁሉ ካጨበጨቡ በኋላ ደግሞ ፈራሁ የሚባልበት ቦታ የለም። ለማን ይነገራል? ለሰውአገኝ? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ሚዛኑ እምቢ ካለ እሷ እምቢ አላለችም። ፈሪ ለእናቱ ይላል የሀገሯ ሰው። እናቷም ይኸው አገኘቻት።

"ፈርቼ ነው" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"እኔም አውቄአለሁ።"

ያለችው ታየች አልነበረችም። መጋረጃው ተገልጦ ሰውአገኝ ቆሟል። ሹራብ ደርቦ ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱ የከሰል አመድ መስሎ።

"ከዚያው በራድ ነው የምጠጣው፣ እታለም" አላት። "በቀን የተፈቀደችልኝ ያችው ግማሽ ብርጭቆ ናት። ስንት ሰዓት ስጠብቃት አድሬ እንዴት ጣዕሟን አላውቅ?"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም?"

"ምን ብዬ? ማሩን ተይና ኩላሊትሽን ስጪኝ ልበልሽ?"

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ማስተዋል ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ደግሞ ተቀምጣ፣ ደግሞ ተነሥታ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። አሁን ካልደወለች ነገ እንደማትደውል አወቀች። ቁጥሩን ነክታ ድምፁን ከፍ አድርጋ መካከላቸው ይዛው ቆመች፤ ብቻዋን ካወራች እንደገና እንደምትዋሽ ፈርታ ነው።

"ዶክተር ልዕልት፣ ማስተዋል ነኝ፣ ከጎንደር።"

"እንዴት ነሽ? ክብደቱስ?"

"ሰማንያ አንድ። ሻዬን በማር ስጠጣ ነበር ዶክተር። እያወቅሁ።"

ሐኪሟ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻሽን ነሽ?"

"አይደለሁም። ይስሙ።"

"ይህን ለብቻሽ ብነግርሽ ነበር የሚሻለው።" ሐኪሟ ቃላቸውን እየመረጡ ነበር። "ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማንም አያስገድድሽም፣ ማስተዋል። 'በምርመራው አልሆነም' ብለን እንዘጋዋለን። ምክንያቱን ለቤተሰብም አንናገርም። የብዙ ሰው ጉዳይ እንዲያ ያልቃል።"

ሠላሳ ሰባት ቀን በሻይ ስትፈልገው የከረመችው በር ይኸው ወለል ብሎ ተከፈተ። ሰውአገኝ ወለሉን ያያል። እጁን ግን አየችው፤ ጋቢውን ጭምድድ አድርጎ ይዟል።

"እፈራለሁ" አለች ማስተዋል። "በጣም እፈራለሁ፣ ዶክተር። ግን እፈልጋለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ፍርሃቱንም እርግጠኛ ነኝ፤ መፈለጌንም። የሚጨመርልኝ ቀን ካለ ጨምሩልኝ። ከእንግዲህ አልዋሽም።"

ሐኪሟ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ። የካቲት አሥራ ስምንት አሉ። ወንድሟ እጥበቱን ካላቋረጠ እስከዚያ ይቆያል አሉ። ደህና ሁኑ ብለው ሊሰናበቱ ሲሉ ታየች ከቁርበቷ ተነሣች።

"አትዝጊው" አለች። ስልኩ አጠገብ መጥታ፣ ከሸለቆ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ልጄ፣ ሐኪሟ! እኔ እናታቸው ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ይጠይቁኝ፣ እማማ።"

"አንድ ኩላሊት ብቻ ይዛ ሴት ትኖራለች?"

ማስተዋልና ሰውአገኝ ተያዩ።

"ትኖራለች፣ እማማ። ሥራዋን ትሠራለች፣ መንገዷን ትሄዳለች፣ ታረጃለች። በየዓመቱ መታየት አለባት፤ ጨው መቀነስ አለባት። የቀዶ ሕክምናው አደጋ ፈጽሞ የለም አልልዎትም፤ ግን በጣም ትንሽ ነው። ክብደቷን ቀንሺ ያልናትም ያቺን ትንሿንም እንድናሳንሳት ነው።"

"ሁለቱም ከዚያ ቤት በእግራቸው ይወጣሉ?"

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሁለቱም። የምንደክመውም ለዚያ ነው።"

ታየች ከስልኩ ወደ ልጆቿ ዞረች። አንዷ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ፣ አንዱ አስተማሪ። ስለ ቀጠሮው ነግረዋታል፤ ስለ ኪሎው ነግረዋታል፤ ደም ስለ መስማማቱ፣ ስለ አዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሳይቀር ነግረዋታል። የቀረውን "እማዬን አናስጨንቃት" ተባብለው ዘለሉት። ደግሞ ይህ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ምን ይባላል? እሷ ኮሶዬ ላይ የሰማችው "ማስተዋል ለሰውአገኝ ሆዷን ተከፍታ ልትሰጠው ነው" የሚለውን ብቻ ነበር። ሆዱ ተከፍቶ የተረፈ በግ ደግሞ አይታ አታውቅም።

"ከሁለታችሁ አንዳችሁም ይህን አልነገራችሁኝም" አለች። "ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ያላችሁኝ መስሎኝ ነበር።"

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለች ለራሷም ገባት። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ሠላሳ ሰባት ቀን፣ በየማለዳው፣ በማንኪያ እየሰፈረች መርጣለች። ያልመረጠችው ልጇ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል፤ ያንኑ ሻይ ስታጠጣው ከርማለች።

"ልጄ" አለችው። "የሚተርፈውን ልያዝ ብዬ እንጂ... ልጄ..."

"ደግ መርጠሽ ነበር፣ እማዬ" አላት ሰውአገኝ። "እኔም ብሆን እሷን ነበር የምመርጥ።"

ታየች መርዶ እንደ ሰማ ሰው ጮኻ ቁርበቷ ላይ ዘፍ አለች። ሰውአገኝ እየተንገዳገደ መጥቶ ሥሯ ተቀመጠና ራሱን እንደ ልጅነቱ ጭኗ ላይ አኖረ፤ ምስሩ ተገልብጦ ከነጠጠሩ ተበተነ። ማስተዋል ስልኩን እንደ ያዘች፣ እግሯ መርገፍገፉን ትቶ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ቆመች።

"ሃሎ?" አለ ስልኩ ከእጇ ውስጥ። "ሃሎ? ትሰሙኛላችሁ?"

"እንሰማለን፣ ዶክተር" አለች።